ቴርሞስታት ልቀይር ብዬ ሽቦው ግራ አጋባኝ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት አሮጌ ነው። የቴርሞስታቱን (የቤቱን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ክዳን ብከፍት አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሰማያዊው የትም አልታሰረም። ቀለማቸውን አምኜ ልግጠም?

መልስ፦ ቀለም አይታመንም፣ ወንድሜ! የሚታመነው ሽቦው የታሰረበት ፊደል ነው፦ አር ኃይል፣ ደብልዩ ማሞቂያ፣ ዋይ ማቀዝቀዣ፣ ጂ ማራገቢያ። ከብሬከሩ አጥፋ፤ ፎቶ አንሳ፤ ሳትፈታ በየሽቦው ላይ ፊደሉን ለጥፍ። 24 ቮልት ነው ብዬ ንቄ ሳላጠፋ አርን ከሲ (የኃይሉ መመለሻ ሽቦ) ጋር አነካካሁና የማሞቂያው ፊውዝ ተቃጠለ። በጥር ብርድ ጋቢ ደርበን አደርን፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳዋለች።

ጠያቂው፦ ሰማያዊውስ?

ሌላ መልስ፦ ምናልባት መጠባበቂያ ነው። ማሞቂያው ዘንድ ወርደህ ሲ ላይ መታሰሩን እይ። የሚያነብ ሁሉ ግን ልብ ይበል፦ ሽቦዎቹ ወፍራም ከሆኑ 120 ወይም 240 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።