«ሦስት ዓመት ታገሱ» ይሉናል፤ ማን ከፍሎልን? (ክርክር)

የይርጋለም ልጅ፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ ስለ ወጪ ንግድ ሲወራ አንድ እንግዳ ምን አለ መሰላችሁ? «ላኪዎቻችን ውጭ አገር ኤግዚቢሽን አንዴ ሄደው ገዢ ካላገኙ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ሦስት ዓመት መታገስ አለባቸው።» ደሜ ፈላ። እኔ አምና ዱባይ የቡና ኤግዚቢሽን ሄጃለሁ። ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ የቡዙን (የማሳያ ቦታውን) ድርሻ ከኪሴ ከፍዬ። 64 ቢዝነስ ካርድ ይዤ ተመለስኩ። ለሁሉም ጻፍኩ፤ ዘጠኙ መለሱ፤ አራቱ ናሙና ጠየቁ፤ ላክሁላቸው። አንድም ውል አልተፈረመም። አሁን ይህንኑ ሁለት ጊዜ ድገመው ነው የምባለው? በየዓመቱ ለአገር ድንኳን፣ ማለትም ኤግዚቢሽን ላይ በአገር ስም ለሚያዘው የጋራ ቦታ፣ የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብስ ምን አመጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም? ያ ገንዘብ ገዢዎችን ወደዚህ ለማምጣት ይዋል። ይምጡ፣ ማሳውንም ማጠቢያ ጣቢያውንም በዓይናቸው ይዩ።

ሐና ቆዳ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ሰውየው ግን አልተሳሳተም። እኔ ቦርሳ ይዤ ሚላን የሄድኩ ጊዜ አንዲት ገዢ መጣች። ቦርሳውን ገልብጣ ገበሩን አየች፣ ዚፑን አራት አምስት ጊዜ ከፈተች ዘጋች። «በወር ስንት ታወጪያለሽ?» አለችኝ። «እንደ ትዕዛዙ» አልኳት። ቦርሳውን አስቀምጣ ሄደች። በዓመቱ ያው ቦታ ቆሜ አገኘችኝ፤ «አሁንም አለሽ?» ብላ ቆማ አወራችኝ። የዚያን ጊዜ በወር ስንት እንደማወጣ፣ ቀለሙ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው እንደማይለያይ መልሴ ተዘጋጅቶ ነበር። በሦስተኛው 200 ቦርሳ አዘዘች። የአንድ ዓመት እንግዳን ማንም አያምንም። ነገ ይኖር አይኖር በምን ያውቃሉ?

ሰሊጥ ከጎንደር፦
ሐና፣ እንኳን ተሳካልሽ። ግን «ሦስት ዓመት» ሲባል ስንት ብር ነው? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። አንድ ትኬትና አንድ ቡዝ ከእጥፍ በላይ ሆኑ ማለት ነው። ሦስት ዓመት መታገስ የሚችለው ሌላ ገቢ ያለው ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት እነዚህን ድንኳኖች በማዘጋጀት ነው፤ ስለዚህ ዝም ልል አልችልም። አበባን ተመልከቱ። የዛሬ 25 ዓመት የኢትዮጵያ ጽጌረዳ የሚባል ነገር ገበያ ላይ አልነበረም። ዛሬ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ እኛ ነን። እነዚያ ሰዎች ሆላንድ በየዓመቱ እየተመላለሱ ነው እዚህ የደረሱት። እዚያ ባለው የአበባ ጨረታ ላይ አበባ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው፤ ከሱፐርማርኬት ጋር በቀጥታ ውል የሚያስር ግን ኤግዚቢሽን ላይ ፊት ለፊት የተዋወቀ ነው። ደግሞ ምንዛሪውን በተመለከተ፣ ላኪ የሚያገኘው ዶላር ነው። በዚያው ማሻሻያ ካመጣው ዶላር ግማሹን ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቅዶለታል። ብሩ ሲወርድ ላኪ አይጎዳም።

ሰሊጥ ከጎንደር፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። ገና ያልሸጠ ላኪ የምን ዶላር አለው? እያወራን ያለነው ገበያ ለመግባት ስለሚፈልግ ሰው ነው። 50 በመቶው የሚደርሰው ሲሸጥ ነው።

የይርጋለም ልጅ፦
ይኼው ነው! ጋሼ፣ የአበባውን ምሳሌ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠቅሰው። አዲስ አበባ ላይ የአበባና የአትክልት ኤክስፖ ሲዘጋጅ ገዢዎቹ፣ የዘር ድርጅቶቹ፣ አጓጓዦቹ እዚህ መጡ። ከዚያ እርሻው ድረስ ሄደው አዩ። ለቡና ለምን አይደረግም? በ2012 ዓ.ም. እዚህ አገር የመጀመሪያው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ አንድ ፓውንዱ 185.10 ዶላር ተሸጠ። የትኛው ቡዝ ላይ ነው ያ ገበሬ የቆመው?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ያን ጨረታ የተጫረቱት የኢትዮጵያን ቡና ከዚያ በፊት ቀምሰው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የት ቀመሱት? ለብዙ ዓመታት በየኤግዚቢሽኑ ስናስቀምስ ነው። ምስጋናው ለጨረታው ብቻ አይሰጥ።

የዱባይ ጎረቤት፦
እኔ እዚህ ዱባይ ምግብ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። በየዓመቱ ጉልፉድ በሚባለው የምግብ ኤግዚቢሽን ላይ ከአለቆቼ ጋር እዞራለሁ። የማየውን ልንገራችሁ። የግዢ ሰዎቻችን ወደ አዳራሹ ሲገቡ ዝርዝር ይዘው ነው። ቀጠሮው ከሁለት ወር በፊት አልቋል። ለአንድ አቅራቢ 15 ደቂቃ። አራት ጥያቄ አላቸው፦ ጅቡቲ ወደብ ላይ ዋጋው ስንት ነው፣ ትንሹ መጠን ስንት ነው፣ መቼ ትጭናለህ፣ የምርመራ ወረቀትህ የታለ። የእኛ ድንኳን ጋ ሲደርሱ ሰው ጢም ብሎ ያገኛሉ፤ ሁሉም ግን ጀበናውን የከበበ ነው። ዋጋ ሲጠይቁ «እንነጋገራለን» ይባላሉ። ካርድ ተለዋውጠው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የይርጋለሙ ወንድሜ ነግሯችኋል።

አቦል ቶና በረካ፦
ጀበናውን አትንኩብን። ያ ሰው ሁሉ የሚቆመው ጀበናው ስላለ ነው። ሌላው አገር ሚሊዮን ከፍሎ ያላገኘውን ሰው እኛ በዕጣንና በፈንዲሻ እናቆማለን። እናቶቻችን ያወረሱንን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት።

የዱባይ ጎረቤት፦
ጥፋት ነው አላልኩም። እኔም ሄጄ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም። ግን ጀበናው የቆመበት ቦታ ላይ ዋጋ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይቁም ነው የምለው። ከቡናው ጋር ወረቀቱም ይቅረብ።

ሐና ቆዳ፦
በዚህ እስማማለሁ። ማን ነው ቡዝ ላይ የሚቆመው የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። በሄድኩበት ሁሉ ያየሁት፣ የድርጅት ባለቤት ራሱ የቆመበት ቡዝና የተወከለ ሰው የቆመበት ቡዝ ከሩቁ ይለያል።

የይርጋለም ልጅ፦
እኔ ራሴ ነበር የቆምኩት እኮ! ባለቤቱ ነኝ፣ ዋጋዬን አውቃለሁ፣ ወረቀቱም ነበረኝ። ያቃተኝ ምን መሰላችሁ? ዱባይ ኤግዚቢሽኑ ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። ጥር ላይ የእኛ የታጠበ ቡና ገና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። ይዤ የሄድኩት ያለፈው ዓመት ምርት ነበር። «አዲሱን ላክልን» አሉ። የአዲሱ ናሙና ተዘጋጅቶ፣ ተፈቅዶ፣ በአውሮፕላን ሄዶ እስኪደርስ ሁለት ወር አለፈ፤ እነሱ የዓመቱን ከብራዚልም ከኮሎምቢያም ይዘዋል። ጋሼ፣ የአገር ድንኳን የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የቡናን የመልቀሚያ ወር ሳያይ ነው ወይ ቀን የሚመርጠው?

ጡረተኛው፦
ቀኑን የሚመርጠው አዘጋጁ አገር ነው፤ እኛ አይደለንም። ለቡና የሚስማማው የአሜሪካኖቹ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል አዲሱ ናሙና ይደርሳል። የአውሮፓውም ሰኔ አካባቢ ነው። የዱባዩን የመረጥከው አንተ ነህ።

የይርጋለም ልጅ፦
የመረጥኩት ቪዛው ስለሚገኝ ነው! ሚያዝያ 2016 ላይ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የጣለውን ረሱት? 15 ቀን ይፈጅ የነበረው ቪዛ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። «ሦስት ዓመት ታገስ» የሚለው ምክር በየዓመቱ ከዜሮ ተነስቼ ኤምባሲ በር ላይ እንድቆም ነው። የሆላንዱ ወይም የብራዚሉ ነጋዴ ሦስት ዓመት ሲል ሦስት ትኬት ማለቱ ነው። እኔ ስል ሦስት ጊዜ የባንክ ደብተር፣ ሦስት ጊዜ የግብዣ ደብዳቤ፣ ሦስት ጊዜ «ይጠብቁ» ማለቴ ነው።

ሐና ቆዳ፦
ይኼ እውነት ነው። እኔም አንዴ ቪዛው የደረሰኝ ኤግዚቢሽኑ በተዘጋ በማግስቱ ነው። ናሙናዬ ሄዶ እኔ ቀረሁ። የተከፈለበት ቡዝ ባዶውን ዋለ።

ሰሊጥ ከጎንደር፦
ታዲያ ሐና፣ አንቺ ራስሽ ይኸን ካልሽ «ሰውየው አልተሳሳተም» የሚለውን አንሺው።

ሐና ቆዳ፦
አላነሳም። መንገዱ ከባድ ነው ማለት መንገዱ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ቪዛው ይስተካከል ብለን አብረን እንጩህ። መሄዱን እንተው ስትሉኝ ግን እቃወማለሁ፤ እኛ ስንቀር ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። የእኛ በግ ሌጦ ለጓንት ተመራጭ እንደሆነ ዓለም ያውቃል፤ ጓንቱን ሰፍቶ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ያለቀለት ዕቃ መሥራት እንደምንችል ቆመን ካላሳየን ማን ያምነናል?

ሰሊጥ ከጎንደር፦
እኔ ደግሞ ሌላ ቁስል ልነካ ነው፤ ማንም አይከፋው። የሑመራን ሰሊጥ ለማስተዋወቅ ቡዝ አያስፈልግም። ቻይናም እስራኤልም በስሙ ነው የሚጠሩት። ገበያ የሚያሳጣን አለመታወቅ አይደለም። ዋጋ ሲወጣ ውል የሚያፈርስ ላኪ ነው። ለዓመታት ደግሞ ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ ይላክ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ላኪው ዶላሩን አግኝቶ መኪና ወይም ብረት አስመጥቶ በዚያ ያካክሰው ነበር። እንደዚህ የሚነግድ ሰው ኤግዚቢሽን ሲሄድ ገዢ ሊፈልግ ነው? ገዢ እኮ አያስጨንቀውም፤ ከዋጋ በታች የሚሸጥ መቼም ገዢ አያጣም። ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ድንኳኑን ይሞሉ የነበሩት አብዛኞቹ እነዚህ አልነበሩም?

ጡረተኛው፦
እንደዚያ ያሉም ነበሩ፤ አልክድም። ሁሉንም አንድ ላይ መክሰስ ግን ነውር ነው። በራሴ እጅ ካርቶን ተሸክሜ፣ ሌሊት ባነር ሰቅዬ፣ አንድ አነስተኛ ማር አምራች ከአንድ ገዢ ጋር አገናኝቼ እስከ ዛሬ አብረው ይሠራሉ። ያን ሥራዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ባታጠፋብኝ ደስ ይለኛል።

ሰሊጥ ከጎንደር፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ድካም አላጠፋሁም። ይቅርታ፣ ቃሌ ከበደ። ጥያቄዬን ግን አልተውም፦ ድንኳኑ ሲታጠፍ ማን ስንት ውል ፈረመ፣ ስንቱ ተጫነ ተብሎ በስም ተጽፎ የተለጠፈበት ጊዜ ነበር?

ካርጎ ሠራተኛ፦
ከጎን ሆኜ ሳነብ ነበር። ስለ ውል ስታወሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኤግዚቢሽን ላይ «መጋቢት እጭናለሁ» ብሎ ፈርሞ ግንቦት ላይ ኮንቴይነር የሚፈልግ ደንበኛ ስንት አለ መሰላችሁ። ገዢው በዓመቱ እዚያው ቡዝ መጥቶ የሚያስታውሰው ያን ነው። ሦስተኛው ዓመት የሚጠቅመው የመጀመሪያውን በቃሉ ላደረሰ ነው።

ጡረተኛው፦
ለሰሊጥ፦ ሪፖርት ይጻፍ ነበር። «ተስፋ ሰጪ ግንኙነት ተፈጥሯል» ከሚለው አልፎ የተጫነው ስንት ነው የሚለውን መከታተል ግን የሌላ ክፍል ሥራ ነበር። እኔ ስመለስ የሚቀጥለውን ማዘጋጀት እጀምራለሁ።

የይርጋለም ልጅ፦
በቃ፣ ይኼው ከራሳቸው አፍ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ያለው የማንም ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥቱ ግን የእኔ ነው።

አቦል ቶና በረካ፦
ወንድሜ፣ ጋሼን እንዲህ አታዋክባቸው። ቢያንስ እውነቱን ነገሩህ። ሻንጋይ ላይ በየዓመቱ የሚደረገው የገቢ ዕቃዎች ትርዒት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ቻይና ስንት ቡናችንን ትገዛ ነበር? አሁን ከዋና ገዢዎች ተርታ ገብታለች። ይኼም ባዶ ነው ልትል ነው?

የይርጋለም ልጅ፦
ቻይና ውስጥ ቡና የሚጠጣው ሰው በዛ፤ ለዚያ ነው የገዛችው። ድንኳኑ ነው ያመጣው ብለህ በምን ታስረዳኛለህ?

አቦል ቶና በረካ፦
አንተስ ድንኳኑ አይደለም ብለህ በምን ታስረዳኛለህ?

የዱባይ ጎረቤት፦
ይርጋለም፣ ክርክሩን ትተን፣ የዘንድሮው ናሙና መቼ ይደርሳል? አለቃዬ የታጠበ ሲዳማ የሚፈልግ ቡና የሚቆላ ድርጅት ያውቃል። ከነዋጋው ላክልኝ።

የይርጋለም ልጅ፦
የካቲት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። እልካለሁ። ሬዲዮው ላይ ያለውን ሰውዬ ግን አሁንም አልተቀበልኩትም።

ሐና ቆዳ፦
እኔም አንተን።