ዝንጅብል በማሩ እየፈላ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው። ለአባቴ ዝንጅብል ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ በውሃ፣ በሎሚና በማር በጥብጬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማሩን ከሂርማታ ገበያ ነው የምገዛው፤ ግሩም ማር ነው! ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ፍሪጁ ይሞቅና መጠጡ አረፋ ያወጣል። ክዳኑን ስከፍተው ፍስስ ይላል፤ ሽታው ወደ ጠጅ ይሄዳል። ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር የዝንጅብሉ ስታርች ስለሆነ አያሳስበኝም። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሲቆይ እንደሚፈላ ግን ብርዝ የሠራ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ደግሞ አልኮል የነካው ነገር አፋቸው አይገባም፤ እኔም አልሰጣቸውም። ዝንጅብሉን ብቻ አፍልቼ ባስቀምጥና ማሩንና ሎሚውን ሲጠጡ ብጨምርላቸው ይሻላል? መብራት በሌለበትስ ስንት ቀን ይቆያል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።