የድሮ ፖርሸ 944ን ከውስጥ ለማቅለል፦ በሽቱትጋርት አካባቢ ምን ይገዛ፣ ምን በእጅ ይሠራ፣ ምን ለባለሙያ ይተው

ሉድቪግስቡርግ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን የ1984 ፖርሸ 944 ገዝተው የውስጡን ክፍል በገዛ እጃቸው እየሠሩ ክብደቱን ለመቀነስ እንዳሰቡ ገልጸው፣ የበር ፓኔል (የበሩን የውስጥ ሽፋን) የሚሠሩበትን ካርቦን ፋይበር ከየት ቢገዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በተመሳሳይ መኪና ላይ ሁለት የብርድ ወቅት ስለሠራሁ፣ የገዛሁትን፣ የሠራሁትንና ገንዘቤን ያባከንኩበትን ሁሉ ሳልደብቅ ልንገርዎ። ካርቦኑን ግን ለጊዜው ይተዉት፤ የመኪናው ክብደት ያለው በር ላይ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድመው እንዲገዙ የምመክረው ዕቃ ሚዛን ነው። የጭነት መኪና የሚመዘንበት የመንገድ ዳር ሚዛን ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው በ20 በ20 ኪሎ ስለሆነ፣ አንድ ወንበር አውጥተው ቢመለሱ ለውጡን ላያሳይዎት ይችላል። ይልቁንስ ሻንጣ አንጠልጥለን የምንመዝንበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይግዙና እያንዳንዱን የወጣ ዕቃ ከነብሎኑ ይመዝኑ፤ ትልልቁን ደግሞ ታቅፈው የቤት ሚዛን ላይ ይቁሙና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። እኔ ይህን ማድረግ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ደብተሩን ስመለከት ሦስት ቅዳሜ የፈጀብኝ ሥራ የቀነሰው ከ3 ኪሎ በታች ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ፈትቼ ያወጣሁት የኋላ መቀመጫ ብቻውን 8.4 ኪሎ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ የሄደበት መንገድ ነው። የ1973ቱ ፖርሸ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ስፖርት የተባለው ዓይነት 960 ኪሎ ሲመዝን፣ ምቾቱ የተጠበቀው ቱሪንግ 1075 ኪሎ ነበር። ስፖርቱ የኋላ መቀመጫና ሰዓት አልነበረውም፤ ምንጣፉ ስስ፣ መስታወቱ ቀጭን ነበር፤ በሩም የሚሳበው በጠፍር ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የ944 ወራሽ የሆነው 968 ክለብ ስፖርት ሲወጣ፣ 50 ኪሎ የቀለለው በአመዛኙ የኋላውን መቀመጫ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዕቃዎችንና የድምፅ መከላከያውን በማስቀረት ነበር። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ የሚወጣው ይውጣ፣ በቀላል ዕቃ መተካት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ገንዘብ ማውጣት ካለብዎት በወንበሩ ላይ ያውጡ። የእኔ መኪና የፊት ወንበሮች እያንዳንዳቸው 21.5 ኪሎ ነበሩ። ከአንድ ቅርፊት የተሠራ የስፖርት ወንበር ከነማሰሪያ ብረቱና ከነሐዲዱ 12.5 ኪሎ ስለመጣ፣ ከሁለቱ 18 ኪሎ ቀንሻለሁ። ሦስት አማራጮችን አነጻጽሬ ነበር። በኢንተርኔት የሚሸጡ ርካሽ ቅርፊቶች ዋጋቸው ይማርካል፤ ነገር ግን ለመንገድ የሚያበቃ የማረጋገጫ ወረቀት ከሌላቸው በጀርመን መንገድ ላይ አይጠቅሙም፤ በአደጋ ጊዜ ሕይወትዎን የሚይዝ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ ወረቀት ባይጠየቅ እንኳ አልገዛቸውም። አዲስ ወንበር ከታወቀ አምራች መግዛት ከሁሉ አስተማማኙ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። እኔ የመረጥኩት ያገለገለ የሬካሮ ፖል ፖዚሽን ሲሆን፣ አጠቃላይ ፈቃድ የተሰጠውን ዓይነት ከነወረቀቱ ነው የገዛሁት። ሲገዙ በወንበሩ ላይ የተለጠፈው የፈቃድ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ፤ ቅርፊቱን ገልብጠው በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩን በጣትዎ ይዳስሱ። ማሰሪያ ብረቱም ለመኪናዎ ሞዴል የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ይህን በቤት በተበየደ ብረት መሥራት ፈጽሞ አልመክርም። የፋብሪካውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አይንኩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የ944 በር ሁለት ነው፤ ጀርባው የማይታጠፍ ወንበር ፊት ላይ ከገባ የኋላ ተሳፋሪ መውጫ አይኖረውም። ስለዚህ የኋላው መቀመጫ በቋሚነት ይወጣና በሊብሬው ላይ የመቀመጫ ቁጥሩ ወደ ሁለት እንዲስተካከል ይደረጋል። ቤተሰብ ካለዎትና ልጆችዎን አልፎ አልፎ የሚያሳፍሩ ከሆነ፣ ጀርባው የሚታጠፍ ቀለል ያለ ወንበር ይፈልጉ፤ ትርፉ ያንሳል፣ መኪናው ግን የቤተሰብ እንደሆነ ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሞኬቱ ሥር ያለው የሬንጅ ንጣፍ ነው። ፋብሪካው የላሜራውን ንዝረት ለማፈን የለጠፈው ሲሆን፣ ከእኔ መኪና 8.8 ኪሎ ወጥቷል። መጀመሪያ የሙቅ አየር መተኮሻ ተከራይቼ በመፋቂያ ሞከርኩ፤ ሬንጁ እንደ ማስቲካ እየተሳበ እጅ፣ ልብስና መሣሪያ ላይ ከመለጠፉም በላይ ጭሱ ጤናማ አይደለም። ደረቅ በረዶ፣ ማለትም በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። በሽቱትጋርት ዙሪያ ለግለሰብ የሚሸጡ አከፋፋዮች ስላሉ አንድ ቀን አስቀድመው ይዘዙ፤ ለሥራው ጠጠር የሚያህለው ዓይነት ይሻላል። 10 ኪሎውን በፎም ሳጥን አምጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁትና ለዐሥር ደቂቃ ያህል ተውኩት። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሆነው ቅዝቃዜ ሬንጁን እንደ ሸክላ ያደርቀዋል፤ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ከላሜራው እየተላቀቀ ይፈረካከሳል፣ ቁራጩም በእጅ ይለቀማል። ጓንቱ ወፍራም ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ ደረቅ በረዶ ሲተን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍቶ ዝቅ ባለ ቦታ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በመኪና ሲያመጡት መስኮት ከፍተው ይንዱ፣ ሥራውንም በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ደጅ ላይ ያከናውኑ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞክሩት። ከፊት ግድግዳው ላይ ያለውንና ከጭስ ማውጫው በላይ የተነጠፈውን የሙቀት መከላከያ ግን አያውጡ፤ እኔ ከፊሉን አውጥቼ በሐምሌ ሙቀት እግሬ ሲቃጠል መልሼ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ወደ በር ፓኔሉ እንምጣ፤ የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ልቡ ያለው እዚህ ነውና። የፋብሪካው ፓኔል በእኔ ሚዛን 4.3 ኪሎ ነበር። ምን ዓይነት ዕቃ ቢተካው ይሻላል ብዬ የእያንዳንዱን የካሬ ሜትር ክብደት ሳወዳድር ያገኘሁት ውጤት ጠቅሞኛል። 1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ በካሬ ሜትር 2.7 ኪሎ ይመዝናል፤ 4 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔርሳቶም ከዚያው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚመክረው ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚውለው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ድርብ አሉሚኒየም 3.8 ኪሎ ስለሚደርስ ከሁሉ የባሰ ነው። 3 ሚሊ ሜትር የፖፕላር ኮምፔርሳቶ ግን ወደ 1.4 ኪሎ ብቻ ነው። በመሃሉ ፎም ኖሮት በሁለት ስስ የፋይበር ግላስ ሽፋን የሚሠራው ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። የአንድ በር ስፋት ከካሬ ሜትር ግማሽ ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ በፖፕላሩና በፋይበሩ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ በር 200 ግራም ገደማ ነው። ለዚህች 200 ግራም ሲባል ሙጫ መቀላቀል፣ ቆዳን ከኤፖክሲ መጠበቅ፣ የመስታወት ብናኝ እንዳይተነፍሱ መጠንቀቅ የግድ ነው። ሥራውን መማር ከፈለጉ ግን በደስታ እመክራለሁ፤ ከሽቱትጋርት በስተ ደቡብ ዋልደንቡክ የሚገኘው አር ኤንድ ጂ የተባለው ድርጅት ሙጫውን፣ ጨርቁንና ፎሙን በትንሽ መጠን ስለሚሸጥ ለጀማሪ ተስማሚ ነው።

እኔ በፖፕላሩ ረክቻለሁ። የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡት ሆርንባክም ባውሃውስም ሰሌዳውን በሚፈልጉት ልክ ቀጥ አድርገው ይቆርጡልዎታል፤ የጠመዘዘውን ቅርጽ ግን ራስዎ ይቆርጣሉ። የድሮውን ፓኔል ሰሌዳው ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በእርሳስ ይከተሉ፤ የክሊፕ ቀዳዳዎቹን ምልክት ያድርጉ፤ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን ሹልነት እስኪያጣ በብርጭቆ ወረቀት ይዙሩት። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ፣ በተለይ ጠርዙን፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ በመስኮቱ መስታወትና በበሩ መካከል ባለው ክፍተት የሚገባው የዝናብ ውኃ በበሩ ሆድ ውስጥ ሁልጊዜ ይወርዳልና። በዚሁ ምክንያት ከፓኔሉ ጀርባ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ከቀደዱት ሳይተኩት አይዝጉ፤ ያለ እሱ ውኃው ወደ ወለሉ ይገባል። እንደ አሮጌው 911 የሚሳብ የናይለን ጠፍር ካስገቡ፣ ብሎኑ እንጨቱን ብቻ ሳይሆን የበሩን ብረት ይያዝ፤ ከሥሩም ሰፋ ያለ ሮንዴላ ያድርጉበት። በሩን ሲዘጉ ሙሉ ጉልበትዎ የሚያርፈው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ስስ ጨርቅ ለብሶ፣ ከነጠፍሩና ከነክሊፑ የእኔ ፓኔል 1.6 ኪሎ መጥቷል።

ሞኬቱን በተመለከተ ያጋጠመኝን ልንገርዎ። የፋብሪካው ሞኬት ከነወፍራም ሥረኛው 14.6 ኪሎ ነበር፤ በስስ ፌልት እንዲተካልኝ ለአንድ የወንበር ሰፊ ሱቅ ከፈልኩ። መልኩ አምሮ ወጣ፤ ነገር ግን ያጣበቁት ሙቀት በማይችል ማስቲሽ ስለነበረ በመጀመሪያው በጋ የኋላው ክፍል ሁሉ ተላቀቀ። ሁለተኛውን ራሴ ቆርጬ፣ ወለሉ ላይ ምንም ሳላጣብቅ፣ ጠርዙን ብቻ አስሰፍቼ በማያያዣ አስቀመጥኩት፤ ክብደቱ 4.1 ኪሎ ነው፣ ሲረጥብም አውጥቼ አሰጣዋለሁ። ስለዚህ የልብስ ስፌት መኪና ያለው ሰው ካወቁ ለሱቅ መክፈል አያስፈልግዎትም። ለሱቅ ከሰጡ ደግሞ ሙጫው ስንት ዲግሪ እንደሚችልና ጨርቁ በመኪና ውስጥ የሚፈቀደውን የእሳት መከላከያ መስፈርት እንደሚያሟላ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መለኪያው ዲን 75200 የተባለው የጀርመን መስፈርት ሲሆን እሳቱ በደቂቃ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም።

የጎንና የኋላ መስታወቱን በፕላስቲክ የመተካት ሐሳብ ለመንገድ መኪና ይቅር። ፈቃድ የሌለው መስታወት ከምርመራ አያልፍም፤ በተጨማሪም የ944 የኋላ መስታወት በር በከባዱ መስታወት ልክ የተሠሩ የጋዝ ዘንጎች ስላሉት፣ ቀላሉ ሲገባ ዘንጎቹ ገፍተው ያጎብጡታል።

ከመጀመርዎ በፊት የመኪና ምርመራ ከሚያካሂዱት ከቴዩፍ ዙድ፣ ከዴክራ ወይም ከጂቲዩ አንዱ ጋ ሄደው መርማሪ መሐንዲሱን ያነጋግሩ፤ ያሰቡትን በፎቶና በዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። ለእኔ ከከፈልኩበት አገልግሎት ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ የሃያ ደቂቃ ንግግር ነው። መኪናዎ 30 ዓመት ስላለፈው፣ በዓመት 191.73 ዩሮ ግብር ብቻ የሚከፈልበት የኤች ታርጋ (የጥንታዊ መኪና ታርጋ) ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ታርጋ የሚሰጠው ግን የዘመኑን መልክ ለጠበቀ መኪና ነው። ስለዚህ አዲስ ቀዳዳ አይቦርቡሩ፣ የፋብሪካውን ብሎን ቦታ ይጠቀሙ፣ የወጣውን ሁሉ ስም ጽፈው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱና አንጸባራቂ ሰደርያው በሕግ የታዘዙ ስለሆኑ ከመኪናው አይወጡም። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ግን አይገደዱም፤ በጎማ መድፈኛና በትንሽ መንፊያ ተክቼ 12.6 ኪሎ ቀንሻለሁ።

ያወጣሁትን ሬዲዮ ከነድምፅ ማጉያዎቹ ስደምር በጠቅላላው የቀነስኩት 71 ኪሎ ገደማ ነው። መኪናው ሲወጣ 1180 ኪሎና 163 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከክብደቱ ጋር ሲመጣጠን ሞተሩን ሳልነካ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት የጨመርኩ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ የበር ፓኔሎቹ ድርሻ 5.4 ኪሎ ብቻ መሆኑን ይመልከቱ።

ከፍራንክፈርት አንዲት እህታችን ደግሞ የ1992 ማዝዳ ኤምኤክስ 5 እንዳላቸው ገልጸው ይኸው ምክር ይሠራላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እህቴ፣ የእርስዎ መኪና መጀመሪያውኑ ባለ ሁለት መቀመጫና ከ1 ቶን በታች ስለሆነ ብዙ የሚወጣ የለውም፤ ስኮርታውን ያውጡና ወንበሩን ያስቡበት። መሪው ላይ ኤርባግ ያለው ከሆነ ፈንጂ ያለበት ዕቃ ስለሆነ ራስዎ አይፍቱት፤ ለሠለጠነ ጋራዥ ይስጡ። ሞኬቱን በሚያነሡበት ቀን ግን ከወንበሮቹ ጀርባ ያሉትን የጣሪያ ውኃ መውረጃ ቱቦዎች ይመልከቱ። በቅጠል ሲደፈኑ ውኃው ወደ ውስጥና ወደ በሩ ሥር ብረት ይሄዳል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ቱቦውን በለስላሳ ሽቦ ቀስ ብለው ይጥረጉና አንድ ብርጭቆ ውኃ ያፍስሱበት፤ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ካዩ ሞኬቱን መልሰው ማንጠፍ ይችላሉ።