የግቢያችን ዱራንታ፦ ሰኔ ሳይገባ የሚጸድቅ ዕቅድ

ጸሐፊ፣ ብሎክ 2 (ሰኞ)
ማህበራችን ለግቢ ማስዋብ የያዘው 18 ሺህ ብር እስካሁን አልተነካም። ሰኔ ከገባ በኋላ ማውራት ዋጋ የለውም። ችግኙ ከዝናቡ ጋር መሬት መያዝ አለበት። ሐሳቤ ይኸው። በሁለቱ የግራቪሊያ ዛፎችና በዋንዛው ሥር ባለው 30 ሜትር መደብ ላይ ለአጥር የሚሆነውን ባለ ቢጫ ቅጠል ቁጥቋጦ፣ ዱራንታን፣ በሁለት ረድፍ እንትከል። በ40 ሳንቲ ርቀት 150 ችግኝ ይሆናል። ችግኙ በ40 ብር ሒሳብ 6 ሺህ፣ ፍግ 2 ሺህ፣ ቁፋሮ 4 ሺህ፣ የአጥር መቀስ 1,500። የሚተርፈው 4,500 በጋ ላይ ለሚያጠጣው ሰው። ከመንገድ ማዶ ያለው ግቢ ወርቅ መስሎ እያበራ የኛ በር ላይ ጭቃ ብቻ መታየቱ በጣም ያሳፍረኛል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 1
የአምናው 60 የዱራንታ ችግኝስ? 2,400 ብር ከፍለን ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ሻጩ ሌላ ዓይነት ሰጥቶን ነው ተብሎ ታለፈ። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ያ ሳይጣራ ሁለተኛ ብር አላወጣም።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 4
ሻጩ አላታለለንም። እኛ ነን ጥላ ውስጥ የተከልነው። የዱራንታ ቢጫነት የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ወርቅ የሚመስለው አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው። ያረጀውና ጥላ የዋለበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ተክሉ ጠንካራ ነው፣ አይሞትም፤ ቀለሙን ግን ይነፍጋችኋል። ደህና ቢጫ ለማየት በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ወንበር ይዤ ወርጄ ተመልክቻለሁ። በዋንዛው ሥር ፀሐይ የሚደርሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በቅጠል መሐል እያጮለቀ ነው የሚውለው። የግራቪሊያዎቹን የታች ቅርንጫፎች ብናነሳ ትንሽ ይሻሻላል። ዋንዛው ግን አይነካም፤ ግርማ ሞገሳችን እሱ ነው።

በግቢያችን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ቦታ ነው ያለው። ከብሎክ 1 ጀርባ፣ የልብስ ገመዱ ያለበት። እዚያ በአንድ ረድፍ 75 ይበቃል። ችግኝም መግዛት አያስፈልግም። የአምናዎቹ ቀለማቸው ጠፋ እንጂ ዘራቸው ያው ነው። እርሳስ የሚያክለውን ግንድ 15 ሳንቲ አድርጎ መቁረጥ፣ የታች ቅጠሉን መላጨት፣ ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ማስገባት። እርጥበቱን ካልለቀቀ በወር ከምናምን ሥር ይይዛል። 6 ሺህ ብሩ ተረፈ ማለት ነው።

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
ገመዱ አይነካም።

ብሎክ 3፣ 3ኛ ፎቅ
እትዬ፣ ገመዱን ማንም አላለም። ከሥሩ ነው የሚተከለው።

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
ከሥሩ ከተተከለ ተነካ ማለት ነው። ዱራንታ እሾህ አለው። አንሶላ ነፋስ ሲመታው እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። የተቀደደ ነጠላዬን ማን ይተካልኛል? ጅማ ላይ ክረምት ከገባ ልብስ በሁለት ቀን ከደረቀ ተመስገን ነው። ያችን ፀሐይ ለአበባ ልትሰጧት ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 4
አንዳንዱ ቅርንጫፍ እሾህ ያወጣል፣ እውነት ነው። ግን ከጉልበት በታች ተደርጎ ከተከረከመ አንሶላ አይደርስበትም።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ
ማን ነው የሚከረክመው? የአምናውን ማን ከረከመ?

ብሎክ 3፣ 1ኛ ፎቅ
ፍሬውስ? ያ ቢጫ ክብ ክብ ፍሬ ልጅ ሲያየው ከረሜላ ነው የሚመስለው። መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 4
ልክ ነሽ፣ ፍሬው ለልጅም ለከብትም መርዝ ነው። አበባው የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ የሚከረከም ዱራንታ ብዙም አያፈራም። ቢጫ ቅጠል የሚያወጣውም ያው ክርከማው ነው። ለልጆቹ ግን መንገር ግድ ነው።

ብሎክ 4፣ 1ኛ ፎቅ
ወደ ገመዱ እንመለስ። እሱን መጀመሪያ ማን ፈቀደ? የውሃ ታንከሩ የተተከለ ጊዜ ገመዱ ጊዜያዊ ነው ተብሎ አልነበር?

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
ታንከሩ የተተከለ ጊዜ የልብስ መስቀያችንን ነቅላችሁ ነው እኛ በገዛ ብራችን ያሰርነው። ለዚያ ገመድ ማህበሩ አንድ ሳንቲም አላወጣም።

ብሎክ 3፣ 3ኛ ፎቅ
በገዛ ብር የታሰረ ነገር ቦታውን የግል አያደርገውም። ግቢው የሁላችንም ነው።

ብሎክ 1፣ 1ኛ ፎቅ
አንተ ተከራይተህ ስትገባ ገመዱ ተሰቅሎ ነበር። ነገ ትለቃለህ፣ እኛ እዚሁ ነን።

ብሎክ 3፣ 3ኛ ፎቅ
ተከራይ ስለሆንኩ መዋጮ ቀርቶብኝ ያውቃል? በየወሩ ማን ቀድሞ እንደሚከፍል ገንዘብ ያዡ ይናገር። ባለቤቶቹ ስንት ወር እንዳለባቸውም ይናገር።

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 1
ይህ ጉዳይ እዚህ አይወራም። እሱ ግን ከፋይ ነው። ውዝፍ የለበትም።

ብሎክ 4፣ 1ኛ ፎቅ
በረንዳ ያለው በረንዳው ላይ ያስጣ።

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
ምድር ቤት በረንዳ አለው እንዴ? እስቲ መጥተህ አሳየኝ።

ሰብሳቢ
በቃ። ተከራይ ባለቤት የሚለው ነገር እዚህ እንዳይደገም። የተናገረው ይቅርታ ይጠይቅ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ገመዱ ከግድግዳው ስንት ሜትር ይርቃል? ቦታው ለሁለቱም ሊበቃ ይችላል። ማን ይለካል?

ብሎክ 3፣ 3ኛ ፎቅ
እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ለክቼ አሳውቃለሁ።

ብሎክ 1፣ 1ኛ ፎቅ
ይቅርታ ወንድሜ። ስለ ቤት ኪራዩ ያነሳሁት ስህተት ነው። የገመዱ ሐሳቤ ግን ያው ነው።

ብሎክ 2፣ ምድር ቤት (እሑድ)
ቅዳሜ አለፈ። ልኬቱ የታለ?

ጸሐፊ፣ ብሎክ 2
ብደውልለትም አያነሳም።

ብሎክ 2፣ ምድር ቤት
እኔ አንድ ነገር ልበል። ጅማ ተቀምጠን ለጥላ ፀሐይ ወዳድ ተክል እንፈልጋለን። ጥላ የሚወደው ተክል አገሩ እዚሁ ነው። ቡና እንትከል። ቅጠሉ በጋም ክረምትም ያብረቀርቃል፣ አበባው ሲፈነዳ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፣ ፍሬው ሲቀላ ከየትኛው ጌጥ ያንሳል? ልጅ ቢበላውም አይመርዘው።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 4
ይህን ደግፌአለሁ። ገበሬው ቡናውን በዋንዛና በሰሳ ሥር የሚያሳድገው ለዚህ ነው። ግን አሁን ፈልቶ የተገኘውን ሁሉ እንዳንገዛ። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዝርያዎች 74110 ወይም 74112 የሚባለው ይሁን። ሁለቱም ሰብሰብ ያሉ ናቸው፣ እንደ ሌላው ቅርንጫፋቸው አይንዘረፈፍም፣ ሲቢዲ የሚባለውን የቡና ፍሬ በሽታም ይቋቋማሉ። ርቀቱ ግን 40 ሳንቲ አይደለም። ሁለት ሜትር ያህል ይፈልጋል። 30 ሜትሩ ላይ 15 ነው የሚገባው። ደግሞ ቀዩ አፈራችን ሲረግጡት ውሃ ያቁራል። መደቡ ከፍ ይበል። ውሃ የቆመበት ሥር ቡናም ሆነ ዱራንታ ይበሰብሳል።

ብሎክ 4፣ 1ኛ ፎቅ
ፍሬው የማን ነው?

ብሎክ 2፣ ምድር ቤት
የማህበሩ። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው የሚያፈራው። ያኔ በበዓል አንድ ላይ ቆልተን እንጠጣዋለን።

ብሎክ 4፣ 1ኛ ፎቅ
አሁን ካልተጻፈ ያኔ መጣላታችን ነው። የሚለቅመው ማን ነው? ከምድር ቤቱ በር ፊት ያለው ግንድ የምድር ቤቱ ይሆናል ማለት ነው?

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
እኔ የማንንም ቡና አልፈልግም። ገመዴን ብቻ ተዉልኝ።

ሰብሳቢ
እትዬ፣ አሁን ወርጄ ራሴ ለካሁ። ከግድግዳው እስከ ገመዱ 1 ሜትር ከ80 ነው። ምሰሶዎቹ ግን እንጨት ናቸው፣ ሁለቱ ሥራቸው ተበልቷል። ዱራንታ ተተከለም አልተተከለም ይህ ክረምት ይጥላቸዋል። በብረት ይቀየሩ።

ብሎክ 1፣ 1ኛ ፎቅ
በብረት ከተቀየሩ ከፍ ይበሉ። ያኔ አንሶላውም መሬት አይነካም።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ
የኛስ ብሎክ? እኛም እኮ የምናሰጣው መስኮት ላይ ነው። በማህበሩ ብር ከሆነ ለሁሉም ይሠራ።

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 1
በያጅ ጠይቄ ነበር። ስምንት ቋሚ ከነሲሚንቶው 11 ሺህ ብሎኛል። 18 ሺህ ላይ ስትቀንሱት 7 ሺህ ይቀራል።

ጸሐፊ፣ ብሎክ 2 (ረቡዕ)
እንግዲህ የተነሳውን ሁሉ አስገብቼ እንደገና ጽፌዋለሁ።

የልብስ ማስጫ ቋሚ፣ ስምንት፣ 11 ሺህ። የቡና ችግኝ 15፣ ከነፍጉና ከመደቡ 3 ሺህ። ቁፋሮውን እኛው እንሠራለን። የአጥር መቀስ 1,500። 2,500 መጠባበቂያ። ዱራንታ ከበሩ ግራና ቀኝ ብቻ፣ 20 ግንድ፣ ጋሼ መምህር ከአምናው ከሚያባዙት። በሩ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ አለ። 150 ብዬ ስጀምር ያሰብኩት ይህን አልነበረም፤ ቅር ብሎኛል። ግን በሩ ላይ ያለው እንኳ ቢጫ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ብሎክ 3፣ 1ኛ ፎቅ
በሩ ላይ ያለው ፍሬ እንዳይዝ ማን እንደሚከታተል ይጻፍ። ስም ያስፈልጋል።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 4
ክርከማው የኔ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ጫፍ ጫፉን እቆርጣለሁ። አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣ ቅርንጫፍ ካለ ከመነሻው ይቆረጣል፤ ከተተወ ቢጫውን ይውጠዋል። ትናንት 40 ቁራጭ በጥቁር ፕላስቲክ አድርጌ ደረጃው ሥር አስቀምጫለሁ። ልጆች እንዳያነሱት። እኔ ዓርብ አጋሮ ሄጄ ሳምንት እቆያለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያርከፈክፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ማን አለ?

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ
ከስምንቱ ቋሚ ለብሎክ 2 ስንት ነው የሚደርሰው? ይህ አልተጻፈም።

እናት፣ ብሎክ 1 ምድር ቤት
ገመዱስ ናይለን ነው ሽቦ? ሽቦ ይዝጋል፣ ነጭ ልብስ ያበላሻል። ናይለን ተብሎ ካልተጻፈ አልፈርምም።