የተሰነጠቀ የድንጋይ ቤት በእንጨት ይታሰራል?

የወላጆቼ ቤት አንኮበር አካባቢ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲናወጥ ሁለት ማዕዘኖች ከላይ እስከ መስኮቱ ተሰነጠቁ። ጣት ያስገባል። በሲሚንቶ ደፈንኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ከጎኑ እንደገና ተላቀቀ።

የጎረቤታችን የጭቃ ቤት ግን ቋሚና ማገሩ አያይዞት ምርጊቱ ብቻ ረገፈ። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም እኮ በድንጋይና በእንጨት የተነባበረ ነው። የድሮዎቹ ግንበኞች በከንቱ አላደረጉትም ብዬ አምናለሁ።

እናቴ አሁንም እዚያው ታድራለች፤ በር ሲንኳኳ እንኳ ትደነግጣለች። አናጺው ጣሪያው ካልተነሳ አይሆንም አለኝ። የደረቀ የወይራ እንጨት አለኝ።

ጣሪያውን ሳላነሳ ግድግዳውን ከውስጥና ከውጭ በእንጨት መቀነት ላስረው ብል፣ ማዕዘኑ ላይ እንዴት ባጋጥመው ይይዝልኛል?