ቻርቱ ላይ 120/80 ተጽፏል፣ እኔ የለካሁት 164/98 ነው፦ ስህተቱ የማን ነው?

ጥያቄ (የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ)

የተከበራችሁ የሙያ ታላላቆቼ፣ ለተግባራዊ ልምምድ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ከተመደብኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት የአንድ ጎልማሳ ታካሚ የደም ግፊት ስለካ 164/98 አገኘሁ። ቻርታቸውን ስገልጥ ግን ላለፉት ሦስት ቀናት ጠዋትም ማታም 120/80 ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ትንፋሻቸውም ሁልጊዜ 20 ነው። ደግሜ ብለካም ከ160 አልወረደም። ስህተቱ የእኔ ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ቁጥሩን ሳልመዘግብ ወጣሁ። በስቴቶስኮፕ ስንለካ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው የት ላይ ነው? ትንፋሽንስ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ይበቃል?

መልስ (የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ)

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አሁኑኑ ተመልሰሽ ለተረኛዋ ነርስ ንገሪያት። የለካሽው ትክክል መሆኑን ብትጠራጠሪም፣ ጥርጣሬሽን ይዘሽ መውጣት ታካሚውን አይጠቅምም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነቃነቅ የቆመ የደም ግፊት እኔ በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ስለዚህ የቻርቱን ቁጥር መጠራጠርሽ ተገቢ ነው። ይህ ማለት ግን የአንቺ ቁጥር ልክ ነው ማለት አይደለም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ፦ ታካሚው ክንደ ወፍራም ናቸው? በካፉ (ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር በሚነፋው የመለኪያው ጨርቅ) ውስጥ ያለው የጎማ ፊኛ ርዝመቱ የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል፣ ስፋቱ ደግሞ 40 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ካፉ ለክንዱ ሲያንስ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ፣ ሲበዛ ደግሞ ከእውነተኛው በታች ያሳያል። በብዙ ክፍሎች አንድ ካፍ ብቻ ከአልጋ አልጋ ስለሚዞር ይህን ማንም ልብ አይለውም። በተጨማሪም ታካሚው በብርድ ምክንያት ሹራብ ደርበው ከሆነ እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልለሽ አትለኪ፤ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዱን ስለሚያስር እጃቸውን ሙሉ በሙሉ አውጪላቸው።

መልስ (የተግባር ልምምድ አስተማሪ)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የአለካኩን ሂደት ግን በዝርዝር ላስረዳ፣ ተማሪዎቼ የሚያጥሩት እዚህ ላይ ነውና። ታካሚው ከመለካታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ያህል በጸጥታ ማረፍ፣ ፊኛቸው ከሞላ ሽንታቸውን መሽናት አለባቸው። አስታማሚ ጠዋት በፔርሙዝ ቡና ይዞ የሚገባበት ሰዓት ከእኛ የልኬት ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ፣ ቡና ጠጥተው ከሆነ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ክንዳቸው በልብ ትይዩ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ከአልጋው ተንጠልጥሎ ከወረደ ንባቡ ከፍ ይላል። በምትለኪበት ጊዜ አንቺም እሳቸውም አታውሩ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደረጃ አብዛኛው ሰው ይዘልለዋል። ስቴቶስኮፑን ከማድረግሽ በፊት የእጅ አንጓቸውን የደም ሥር እየዳሰስሽ ካፉን ንፊ፤ ምቱ የጠፋበትን ቁጥር ያዢና አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጪ። ጥቂት ቆይተሽ ከዚያ ቁጥር 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል አሳልፈሽ እንደገና ንፊ፤ ከዚያም በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። የመጀመሪያው ድምፅ የላይኛው፣ ድምፁ የጠፋበት ደግሞ የታችኛው ግፊት ነው። እነዚህን ድምፆች እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጸው የሩሲያው ሐኪም ኮሮትኮቭ ነው።

ዳሰሳው ለምን ያስፈልጋል ብትዪ፣ ግፊታቸው ከፍ ባለ አንዳንድ ሰዎች ድምፁ ከተሰማ በኋላ ለጥቂት ይጠፋና ዝቅ ብሎ እንደገና ይመለሳል። ካፉን በልማድ እስከ 150 ብቻ ነፍቶ የጀመረ ሰው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ስለሚገባ፣ የተመለሰውን ድምፅ የመጀመሪያው አድርጎ ይመዘግበዋል። የ170 ሰው በወረቀት ላይ የ130 ሰው የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከአንቺ በፊት የለካው ሁሉ ሳይለካ ጻፈ ብለሽ አትደምድሚ።

መልስ (የሕፃናት ክፍል ነርስ)

ትንፋሽን በተመለከተ እኔ ልመልስ። አይበቃም፤ ሙሉውን 60 ሰከንድ ቁጠሪ። በ15 ሰከንድ አንድ ትንፋሽ ቢያመልጥሽ በደቂቃው ላይ አራት ይሆናል፤ አራት ደግሞ በእኛ ክፍል ብዙ ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ፈጣን ትንፋሽ ይባላልና። የአዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ነው። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር፣ ምት የምትቆጥሪ መስለሽ እጃቸውን እንደያዝሽ ዓይንሽን ደረታቸው ላይ አድርጊ።

«የኦክስጅን መለኪያው 96 ካለ ትንፋሽ መቁጠር ምን ያደርጋል» የሚሉም አሉ። መለኪያው በቀዘቀዘ ጣት ላይ ወይም እንሶስላ በተቀባ ጥፍር ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የሚያነብበት ጊዜ አለ።

መልስ (የተመራቂ ዓመት ተማሪ)

አነጋገርሽንም አስቢበት። እኔ አንድ ጊዜ «የተጻፈው ስህተት ነው» ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ፣ ቀሪውን ሳምንት አንሶላ ሲቀየር ብቻ ነበር የምጠራው። «ሲስተር፣ እኔ 164/98 አግኝቻለሁ፤ እባክዎ አብረውኝ ይለኩልኝ» ማለት ይበቃል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እንደተባልኩት ጠየቅኳት፤ ሲስተርም ሳትቆጣ ተነሣች። የታካሚው ክንድ በእርግጥም ወፍራም ነበር፤ እኔ የተጠቀምኩበት ካፍ ጫፉ በጭንቅ ነበር የሚገናኘው። ከሌላ ክፍል ትልቁን አስመጥተን፣ አሳርፈናቸው፣ ምቱን ዳስሰን ስንለካ 146/92 ሆነ፤ ትንፋሻቸውም በሙሉ ደቂቃ 24 ነበር። ሲስተር ሁለቱንም ከነሰዓቱ ከመዘገበች በኋላ ለተረኛው ሐኪም ደወለች። የሚቀጥለው ልኬት ማታ 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ትልቁን ካፍ እዚያው አልጋ ራስጌ ላይ አንጠልጥለነዋል።