ዶርዜ ልግባ ወይስ ጨንቻ?

እዚያ የኖራችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ፣ ትውልዳቸው ዶርዜ። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁና ከአዲስ አበባ ጫጫታ ርቄ ጋሞ ተራራ ላይ መኖር አምሮኛል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግን አቃተኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳመነታ ከረምኩ።

ዶርዜ ዘመድ አለኝ። የቀርከሃው ጎጆ፣ የእንሰቱ ጓሮ፣ ትኩስ ቆጮ በዳጣ... ልቤ እዚያ ነው። ግን ቱሪስት ካሜራ ይዞ ደጅ ድረስ ይመጣል (እኔ ደግሞ ፎቶ አልወድም)። ጨንቻ ሆስፒታል አለ፤ ደም ግፊት ስላለብኝ ቀላል ነገር አይደለም። ብርዱን ግን ጉልበቴ ይችለው ይሆን?

በክረምት ከአርባ ምንጭ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ እንዴት ነው? ውሃና መብራትስ? መጀመሪያ ተከራይቼ ልሞክረው ወይስ ቤት ልሥራ?